አፈሩስ በየት ይውጣ? በራያ ቆቦ ቆላ የተሠራ የአንድ የመስኖ ቦይ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዝገብ

ይህን የምጽፈው በሥራው ላይ ከነበሩት ባለሙያዎች አንዱ ስለነበርኩ ነው፤ ከስህተቱም ድርሻ አለኝ። ቀበሌውን፣ ገንቢውን ድርጅትና ሰዎቹን በስም አልጠራም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በራያ ቆቦ ቆላ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ደረቁን ሜዳ የሚያጠጣ ትልቅ ቦይ ተሠራ። በመጀመሪያው ክረምት በደለል ተደፈነ። ከዚያ ገበሬዎቹና እኛ አብረን ከፊሉን አፍርሰን፣ ከፊሉን ለውጠን ውሃ እንዲያደርስ አደረግነው። የመስኖ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ በምረቃው ቀን ያበቃሉ። እኛ መማር የጀመርነው ሪባኑ ከተቆረጠ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

አካባቢው

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ሲጓዙ በግራ በኩል የጊዳንና የላስታ ተራሮች፣ በቀኝ ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ የዞብል ተራራ ይታያል። ሜዳው ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የምዕራቡ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ደጋ ላይ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ዝናብ ሲመሽ ሜዳው ላይ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ለጥቂት ሰዓታት አሸዋና ግንድ እየነዳ ይወርድና ወደ አፋር አልፎ ይጠፋል። እንደ ጎሊናና አላ ውሃ ያሉት ወንዞች በስም የታወቁ ናቸው። የእኛው ግን በጋውን ግመል የሚሻገርበት፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሚታይበት ሰፊ ደረቅ ወንዝ ነው።

የደጋው ሰው ይህን ሜዳ በረሃ ይለዋል። የፕሮጀክቱ ሰነድም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በረሃውን ወደ እርሻ እንለውጣለን ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር በረሃ አይደለም። በዓመት ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ማሽላ ደግሞ ለአንድ ወቅት ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ችግሩ ዝናቡ በበልግና በክረምት ተከፍሎ መምጣቱ፣ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ መውጣቱ ነው። ደጋሊት የሚባለው የአካባቢው ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያል። በመስከረም ዝናቡ ሲቋረጥ እሱ ገና እያፈራ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲቀር አገዳው ቁሞ ፍሬ አልነበረውም፤ ገበሬዎቹ አገዳውን አጭደው ለከብት ሰጡት።

የቀድሞው አሠራር

ሰዉ ጎርፍ መጥለፍ ከእኛ አልተማረም። በወንዙ ግራና ቀኝ አሥራ አንድ ጠለፋዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጠለፋ ከወንዙ አሸዋ፣ ከድንጋይና ከግራር ቅርንጫፍ የተሠራ ክትር ነው። ክትሩ ወንዙን አቋርጦ አይዘጋውም፤ ወደ ላይ አግድም ተንጋዶ የጎርፉን ጫፍ ብቻ ይገምጣል። አፉ ሰፊ ነው፤ ቦዩም ቁልቁል ይወርዳል፣ በየ200 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል። እያንዳንዱ ጠለፋ የውሃ አባት አለው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ፣ ማን ስንት ቀን ደቦ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው።

ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ክትሩ ይፈርሳል። እኛ ባለሙያዎቹ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የቆጠርነው። በጥናታችን ላይ «በየዓመቱ የሚፈርስ፣ ጉልበት የሚያባክን» ብለን ጽፈናል። ጥበቡ ያለው መፍረሱ ላይ መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው፤ ክትሩ ሲፈርስ የሚገድለው ጎርፍ በወንዙ ይሄዳል፣ ማሳውም ይተርፋል።

ፕሮጀክቱ

የተሠራው በአጭሩ ይህ ነበር፦ ወንዙን የሚያቋርጥ የኮንክሪት ግድብ፣ በአንድ በኩል ሁለት የብረት በሮች ያሉት የውሃ መግቢያ፣ ከመግቢያው አጠገብ ደለል ማስወጫ በር፣ ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በድንጋይና በሲሚንቶ የተለበጠ ዋና ቦይ። አሥራ አንዱ ጠለፋ ቀርቶ ሁሉም ከአንዱ ቦይ እንዲያጠጣ ታሰበ። ዕቅዱ ከ300 ሄክታር በላይ ነበር፤ ማሽላና ጤፍ በክረምት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ።

ለቦዩ የተሰጠው ቁልቁለት በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ነው። ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ለሚፈስበት ወንዝ ቢሆን ይህ ጥሩ ቁጥር ነው። ውሃው ዳርቻውን አይሸረሽርም፣ ሩቅም ያደርሳል። እኔም ስሌቱን አይቼ አልፌዋለሁ።

ቅየሳው ላይ ሳለን ከውሃ አባቶቹ በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ሥዕሉን መሬት ላይ ዘርግተን አስረዳናቸው። ብዙ አልተናገሩም።

«ልጄ፣ ውሃው በዚህ ይግባ» አሉ በዱላቸው የበሩን ቦታ እየነኩ። «አፈሩስ በየት ይውጣ?»

ደለል ማስወጫውን በር አሳየኋቸው።

«ሌሊት ማን ይከፍተዋል?»

ጠባቂ እንደሚቀጠር ነገርኳቸው። «እንግዲህ አላህ ያሳካው» ብለው ሄዱ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያን ቀን የጻፍኩት «ከኅብረተሰቡ ጋር ውይይት ተደርጓል» የሚል ነው። ደብተሩ አሁንም አለኝ።

የመጀመሪያው ክረምት

በሐምሌ አንድ ሌሊት ከሦስት ሰዓት በኋላ ከላይ ጉርምርምታ ተሰማ። የአካባቢው ሰው ጎርፍን በጆሮው ነው የሚያውቀው፤ ከላይ ያሉት ይጮኻሉ፣ ጩኸቱ ከጎጥ ወደ ጎጥ እየተቀባበለ ይወርዳል። እኔ ባትሪ ይዤ ግድቡ ላይ ስደርስ ጠባቂውና ሁለት ወጣቶች ደለል ማስወጫውን በር ለመክፈት ከመዘውሩ ጋር እየታገሉ ነበር። በሩ አንድ ክንድ ያህል ተነሥቶ ቆመ። ከሥሩ የግራር ግንድ ገብቶበታል። በግንዱ ላይ የቁልቋል ቅጠል፣ ገለባና የአጥር እሾህ ተከምሮ ቀዳዳውን እንደ ውታፍ ደፍኖታል። አንደኛው ወጣት በገመድ ታስሮ በመጥረቢያ ሊወርድ ነበር፤ ከለከልነው። መዘውሩን በኃይል ሲያዞሩት የበሩ ዘንግ ጎበጠ። ከዚያ በኋላ በሩ መከፈትም መዘጋትም አልሆነለትም።

ውሃው ወደ ቦዩ መግባቱ አልቀረም። ሰው ተደስቶ እልል አለ። ንጋት ላይ ቦዩን ተከትለን ስንወርድ የመጀመሪያው 300 ሜትር እስከ ጉልበት ድረስ በአሸዋ ተሞልቷል። ዝቅ ሲል አሸዋው እየደቀቀ ሄደ፤ ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ውሃ የነካው ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ አፉ ድረስ ሞልቶ ነበርና ውሃው በዳርቻው ላይ ዘልሎ ያልታሰበ ማሳ ውስጥ ገባ፤ የአንድ ገበሬ ጤፍ ሙሉ በሙሉ ተወሰደ። በዚያ ክረምት ውሃ ያገኘው መሬት አሮጌዎቹ ጠለፋዎች ያጠጡት ከነበረው ያንሳል። አሮጌዎቹን ደግሞ አፍርሰናቸዋል።

ምክንያቱ ስሌት ላይ ሲቀመጥ ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ደራሽ ጎርፍ በክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ ደለል ይዞ ይመጣል። 5 በመቶ ብንል በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 50 ኪሎ አፈር አለ ማለት ነው። አንድ ሄክታር ጥሩ ደለል አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ለማርካት 1,500 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከዚያ ውሃ ጋር 75 ቶን አፈር መጓዝ አለበት። ይህ አፈር ማሳ ላይ ሲደርስ ማዳበሪያ ነው፤ ሰዉ ጎርፉን የሚወደው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ቦይ ውስጥ ሲቀር ግን ቡሽ ነው። ለአፈሩ ፍጥነት የሚሰጠው ቁልቁለቱ ነው፤ እኛ ደግሞ ቁልቁለቱን ከአሮጌው ቦይ ወደ አምስት እጥፍ አሳንሰነው ነበር። ውሃውን ለማድረስ ቦይ ሠራን፤ ጭነቱን ግን አልቆጠርነውም።

መጥረግ ወይስ መለወጥ

የመጀመሪያው መፍትሔ መጥረግ ነበር። ደቦ ወጣ፤ ኤክስካቫተርም ተከራየ። በሚቀጥለው ጎርፍ ቦዩ እንደገና ሞላ። ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመለስ የሚያወራውን መስማት ጥሩ አልነበረም።

በበጋው ጉባኤ ተጠራ። እዚህ ላይ ያለውን ክርክር አላሳጥረውም፤ ጉዳዩ የተወሰነበት እዚያ ነው። ገንቢው ድርጅት ሥራው በሥዕሉ መሠረት ተጠናቋል፣ ችግሩ የአጠቃቀም ነው አለ። ከበላይ የመጡት ኃላፊ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራን ነገር ማፍረስ እንደማይቻል ተናገሩ። የውሃ አባቶቹ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ በሮቹ ይነሡ፣ አፉ ይስፋ፣ ከታች ሌሎች አፎች ይከፈቱ። ከመካከላቸው አንዱ «ግድቡ ይቁም፤ እኛ ግድቡን አልጠላነውም፤ ጉሮሮው ነው የጠበበው» አሉ። ኃላፊው የተረቱት በዚህ አባባል ይመስለኛል፤ ማፍረስ የሚለው ቃል ማስፋት ወደሚለው ተለወጠ፣ ፊርማውም ወጣ። ቃል መምረጥ ከስሌት እኩል የሚያሠራበት ጊዜ አለ።

የተደረገው ለውጥ ይህ ነው። ሁለቱ የብረት በሮች ተነቅለው መግቢያው ከሦስት እጥፍ በላይ ሰፋ። በስፋቱ ላይ በር አልተደረገም። የግድቡ ግማሽ አካል ባለበት ቀርቶ በሌላው ወገን የኮንክሪቱ ጫፍ ተቆርጦ በቦታው የአሸዋ ክትር ተሠራ። ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ይህ ክትር መጀመሪያ ይፈርሳል፤ ወንዙ በዚያ ይሄዳል። በማግሥቱ ኤክስካቫተር ካለ በግማሽ ቀን፣ ከሌለ በሦስት ቀን ደቦ ይመለሳል። ዋናው ቦይ ለአሥራ አንዱም መሆኑ ቀርቶ ለላይኞቹ አራት ጠለፋዎች ብቻ ሆነ፤ በማጠሩ ቁልቁለቱን መጨመር ተቻለ። የታችኞቹ ሰባቱ የቀድሞ አፋቸው ተከፈተላቸው፤ የአፎቹ ትከሻ ብቻ በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ተጠናከረ፣ ዋናው ጉልበት የሚፈሰው እዚያ ስለነበር።

በሁለተኛው ክረምት አሸዋው ቦዩ ውስጥ አልቀረም። ማሳ ላይ ደረሰ። ከ200 ሄክታር በላይ ሁለት ጊዜ ጠጣ፤ ሦስተኛ ያገኘም ነበር። በመስከረም ዝናቡ ሲቋረጥ ውሃ ያገኘውና ያላገኘው ማሽላ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይለያል፤ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሌላው ቅጠሉን እንደ ጅራፍ ጠቅልሎ። አዛውንቱ ከማሳው ጭቃ ቆንጥረው በጣታቸው ፈተጉትና «የጊዳን አፈር ነው፤ የእነሱ ጉዳት የእኛ ሲሳይ» አሉ። ደጋው ላይ እርከን ቢሠራ ለእኛ ምን ይቀር ይሆን የሚለውን ጥያቄ ያን ዕለት ማንም አላነሣውም። መነሣት አለበት።

ውሃውን ማን ያዝዛል

አሥራ አንዱን ጠለፋ ወደ አንድ ቦይ ስናጠቃልል የውሃውን ሥርዓት አብረን እንዳፈረስን አልገባንም ነበር። ሕጉ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ማኅበሩ ተቋቋመ። የመተዳደሪያ ደንቡ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ሲሆን፣ የኮሚቴ አባል ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን ይላል። በዚህ አንድ መስመር ከአሥራ አንዱ የውሃ አባቶች ስምንቱ ከውጪ ቀሩ። የተመረጡት ወጣቶች ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ሰው ማንን ሰምቶ እንደሚነሣ ደንቡ ውስጥ አልተጻፈም።

ከለውጡ በኋላ ሥራው ተከፈለ። ማኅበሩ ገንዘብ፣ ኪራይ፣ ከመንግሥት ጋር ያለ ጉዳይና ማኅተም ያዘ። ውሃው ወደ የውሃ አባቶቹ ተመለሰ። በጽሑፍ የወጣ ክፍፍል አይደለም፤ ቅሬ (ዕድር) ላይ ተነጋግረው የተስማሙበት ነው፣ እስካሁን ይዟል።

ሌላው ጉዳይ ከታች ያሉት የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። ጎርፉ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ሣር ያበቅላል። የእኛ ጥናት «የታችኛው ተጠቃሚ የለም» ይላል፤ ጥናቱ የተደረገው ከብቶቹ በሌሉበት ወር ስለነበር። ከለውጡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት መኸር ላይ ሽማግሌዎቻቸው መጡ፤ ነገሩ ሊከር ይችል ነበር። ከሁለቱም ወገን አበጋሮች (አስታራቂ ሽማግሌዎች) ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቡና ተፈልቶ በሁለተኛው ቀን ስምምነት ተገኘ። ክትሩን ያፈረሰ ጎርፍ የታቾቹ ነው፤ ያ ጎርፍ እስኪያልፍ ክትሩ አይመለስም። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ፣ ልጃገረዶቹ ሶለል ሊጨፍሩ ከወጡ ወዲህ የሚመጣው ጎርፍም አይጠለፍም። ሶለልን የመረጡት ቀን መቁጠሪያ ስለማይፈልግ ነው። ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል።

ያልተሳካው

ሽንኩርቱ አልተሳካም። ጎርፍ በአፈር ውስጥ እንጂ በኩሬ አይቀመጥም። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ማሽላ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን እርጥበት ይጠጣል፤ ሥሩ አጭር የሆነ ሽንኩርት ግን በየጥቂት ቀኑ ውሃ ይጠይቃል። ቦምቤ ቀይ የሚባለውን ዘር በብድር የገዙ ገበሬዎች የተረፋቸው ዕዳው ነው። በቆቦ ሜዳ ሌላ ቦታ ከጉድጓድ ውሃ እየተሳበ ሽንኩርት በሚገባ ይመረታል፤ ያንን ያዩ ሰዎች እኛም ጋር ይሆናል ብለው ተስፋ ሰጡ። ተስፋውን ከሰጡት አንዱ እኔ ነኝ።

ባል የሞተባቸው እናቶች ጉዳይም አልተፈታም። ውሃ የሚገኘው ለደቦ በወጣ ጉልበት ልክ ነው። ጉልበት የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ አራሹ ክትር ሠርቶ ያገኘውን ተራ መጀመሪያ ለራሱ ማሳ ያደርገዋል። አንዲት እናት ለማኅበሩ «ቦዩ በመሬቴ ያልፋል፤ ውሃው ግን እኔን አያውቀኝም» ብለው አመልክተዋል። በጉልበት ፈንታ በገንዘብ መክፈል ተፈቀደላቸው፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ኤክስካቫተር ማሰብ ቀርቶ ሰው በቀየው መቀመጥ አልቻለም። ተመልሰው ሲመጡ የላይኛው ቦይ ግማሹ በቅንጨ አረም ተውጦ ነበር፤ ሰባቱ የታች ጠለፋዎች ግን በእጅ ስለሚሠሩ በዚያው ዓመት ውሃ ወሰዱ።

ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ የሚችለው

ጎርፍ የሚጠልፍ ቦይ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚሰላው ደለሉ ይሁን፤ ውሃው ከዚያ በኋላ። አሮጌ ቦይ ካለ ቁልቁለቱን መለካት ከማንኛውም መጽሐፍ ቀመር ይቀድማል፤ ያ ቁልቁለት በብዙ ክረምት የተፈተነ ነው። በር የሚደረግ ከሆነ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ግንድ በሚወርድበት ሰዓት ማን እንደሚከፍተው ታውቆ ይሁን። መልስ ከሌለ በሩን መተው ይሻላል።

የሚፈርስ ነገር ሁሉ ጉድለት አይደለም። የት እንደሚፈርስ መምረጥ ይቻላል፤ ርካሹ ቦታ እንዲፈርስ ማድረግ ደግሞ ውዱን ያድናል።

ይህ ግን ለሁሉም መስኖ አይሠራም። ቀድሞ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በአውሳ፣ አዋሽ ላይ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ፣ በተንዳሆም ግድብ አለ፤ ዋናው ጠላት የመሬት ውስጥ ውሃ ከፍ ብሎ የሚያወጣው ጨው ነው፤ መፍትሔውም ማፍሰሻ ቦይ ነው። ከዚያ የተገለበጠ ንድፍ እዚህ አይሠራም፣ ከዚህ የተገለበጠም እዚያ። እኛ የወደቅነው በትክክል በዚህ ነው፤ የማይቆም ወንዝ ንድፍ ለሚቆም ወንዝ አመጣን።

የታችኛውን ተጠቃሚ ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰነድ ላይ የሌለ ሰው ወንዙ ላይ አለ።

ገና ያልተዘጋው

ማሳው በእያንዳንዱ ጎርፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በዓመት ሦስት ጎርፍ ቢገባ በሃያ ዓመት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው። ማሳው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ለመውጣት ይቸገራል፤ አፉ ወደ ላይ መሄድ አለበት። አዛውንቱ ባለፈው በጋ ይዘውኝ ከግድቡ በላይ 400 ሜትር ያህል ወጡና አንድ ድንጋይ በዱላቸው መቱ። ቀጣዩ አፍ እዚህ ነው አሉ። ቦታው የአንድ ገበሬ የጓሮ መሬት ጫፍ ነው፤ ገበሬው ሁለት ጊዜ ተጠይቆ እንቢ ብሏል። ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ የሚላከው ከመኸር በኋላ፣ ማሽላው ጎተራ ሲገባ ነው።